ሉዝ የሚባል ቃልና የወለቀው ጥርሴ

እንግሊዝኛ አውቃለሁ ብዬ ማውራት የተውኩት በአንድ ሐሙስ ምክንያት ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በመሥሪያ ቤታችን የውይይት ክበብ ነበር። ቦሌ መንገድ ላይ ባለው ሕንፃችን ሦስተኛ ፎቅ ተሰብስበን ስለ ዓለም ላብ አደሮች እንወያያለን። እንወያያለን ስል ሰብሳቢያችን ጓድ በላቸው ይናገራሉ፣ እኛ እናጨበጭባለን። እኔ በዚያ ሰዓት ዓይኔን ገልጬ የመተኛት ችሎታ ነበረኝ፤ በዘመኑ ብዙ ሰው የነበረው ችሎታ ስለሆነ አልኩራራበትም። የዚያን ቀን ግን "እንግሊዝኛ ጠንቅቆ የሚያውቅ ጓድ ማን ነው?" የሚል ጥያቄ እንቅልፌ መሐል ገባና፣ እኔ ሳልነቃ እጄ ተነሣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለመሥሪያ ቤቱ ከውጭ የመጡት ማሽኖች መመሪያቸው በእንግሊዝኛ ነበር። ሠራተኛው በገዛ ቋንቋው እንዲረዳቸው ለቃላቱ በሙሉ አማርኛ ይውጣላቸው የሚል ትእዛዝ ከበላይ ወረደ። እውነቱን ለመናገር ዛሬም ድረስ የማደንቀው ትእዛዝ ነው። ችግሩ ቅጹ ላይ ነበር። በግራ በኩል ሃያ የእንግሊዝኛ ቃል፣ በቀኝ በኩል ለእያንዳንዱ የክብሪት ቀፎ የምታክል ሳጥን።

"አንድ ቃል፣ አንድ ሳጥን" አሉኝ ጓድ በላቸው ቅጹን ሲያስረክቡኝ። "እዚህ ሁለት ቃል፣ እዚያ ሦስት ቃል እያልክ እንዳታምታታ። ማመንታት የንዑስ ከበርቴ ጠባይ ነው።"

"ካልተገኘስ ጓድ?"

"ይገኛል። ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ኮሚቴው ይጠብቅሃል። ካልተገኘ ግን አሰብ ያለው ቅርንጫፋችን እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው አጥቶ ተቸግሯል።"

መሳቢያቸውን ሳብ አድርገው አሳዩኝ። የዝውውሩ ደብዳቤ ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም አርፎበት ተቀምጧል። ባዶ የቀረው የስም ቦታው ብቻ ነበር።

ካገባሁ ገና ሰባት ወሬ ነው። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ጉርድ ሾላ ከቤታችን አጠገብ ባለ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። የአሰብን ሙቀት በወሬ እንጂ በአካል አላውቀውም፤ የማውቀው ግን እሷ ሥራዋን ትታ እንደማትሄድ፣ እኔም ያለሷ ሁለት ሳምንት እንደማልቆይ ነው። የሆነውን ስነግራት "ሃያ ቃል ብቻ ነው አይደል?" አለችና የተማሪ ደብተር ማረሟን ቀጠለች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሃያዎቹ አሥራ ዘጠኙን ሳልቸገር ጨረስኩ። ሃያኛው ሉዝ ነበር።

ዐርብ ጠዋት ከአጎቴ ልጅ መዝገበ ቃላት ተዋስኩ። በር ቢያስደግፉበት የሚይዝ መጽሐፍ ነው። ሌላው ቃል በሁለት በሦስት መስመር ሲወሰን፣ ሉዝ ገጹን ሙሉ ይዞ ተንሰራፍቷል። ያልታሰረ ፈረስ ሉዝ ነው። ያልጠበቀ ብሎን ሉዝ ነው። ሰውነት ላይ የማይጣበቅ ቀሚስ፣ የሚነቃነቅ ጥርስ፣ ያልታሸገ ሻይ ቅጠል፣ ኪስ ውስጥ የሚንቀጫቀጭ ሳንቲም፣ ምስጢር የማይቋጥር ምላስ፣ ምሳውን ያልወደደ ሆድ፣ ሁሉም ሉዝ ነው። እንግሊዞች ይህን ሁሉ በአንድ ቃል እየጠሩ ተግባብተው መኖራቸው አስደነቀኝ።

የባሰ ያስደነቀኝ የትውልድ ሐረጉ ነው። መዝገበ ቃላቱ እንደሚለው ሉዝ የእንግሊዝ አገር ተወላጅ አይደለም። ከሰሜን ባሕር ማዶ በመርከብ የመጡ ሰዎች "ላውስ" እያሉ ይዘውት የገቡት ቃል ነው። እንግሊዞች ሥራ የሌለው፣ ቤት የሌለው፣ ተስፋ የሌለው ለማለት ቃላቸው ጅራት ላይ የሚቀጥሏት "ሌስ" ራሷ የቅርብ የሥጋ ዘመዱ ናት። እነዚያ መርከበኞች የሰውን ንብረት እየዘረፉ ሲጭኑ የራሳቸውን ቃል ዳርቻው ላይ ጥለው መሄዳቸውን አስቤ ሳቅኩ። ወዲያው ደግሞ ያ የጣሉት ቃል ያን ሁሉ ዘመንና ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ ጉርድ ሾላ ድረስ መጥቶ እኔን አሰብ ሊያወርደኝ መሆኑ ትዝ አለኝና ሳቄ ቆመ።

አማርኛውን ወረቀት ላይ ተደፍቼ እንደማላገኘው ገባኝ። የሚያውቁት ቀኑን ሙሉ ሲያጠብቁና ሲፈቱ የሚውሉ ሰዎች ናቸው። ሄጄ ልጠይቅ አልኩ። እዚህ ላይ ነው የእኔና የብጤዎቼ በሽታ የመጣው፤ ይሉኝታ። ሰው ሥራው ላይ ነው። ባዶ እጄን ሄጄ "አንድ ቃል ልጠይቅዎት ነው" ብለው ምን ይለኛል? በዚያ ላይ ዘመኑ ወረቀት ይዞ የሚጠይቅ ሰው ማንንም የማያስደስትበት ዘመን ነው። ስለዚህ የሚጠገን ነገር ይዤ መሄድ አለብኝ። የሚጠገን ነገር ደግሞ የለኝም። ጥሩወርቅ የተበላሸ ነገር ቤት ውስጥ አታሳድርም። ያለኝ ምርጫ የደህናውን ማበላሸት ነበር።

በብስክሌቴ ጀመርኩ። ጉርድ ሾላ ላይ ብስክሌትና ሞተር ብስክሌት የሚጠግኑ ጋሽ ኪሮስ የሚባሉ የመቀሌ ሰው ነበሩ። ልጅ ሆነው አሥመራ ከጣሊያን መካኒክ ጋር የሠሩ፣ ሞተር ሲያዳምጡ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሰው ናቸው። ዐርብ ከሥራ ስወጣ ከጋራዣቸው በላይ ያለው ዳገት ላይ ቆምኩና የፊት ጎማዬን ዳዶ በመፍቻ ትንሽ ፈታሁት። ትንሽ ከሆነ ላያሳምናቸው ይችላል ብዬ ትንሽ ጨመርኩ። ከዚያ ተቀምጬ ቁልቁለቱን ለቀቅኩት። ጎማው ከእኔ ቀድሞ ጋራዡ ገባ። እኔ የቀረውን የብስክሌት አካል ታቅፌ ትንሽ ዘግየት ብዬ ደረስኩ።

"ተረፍክ?" አሉ ጋሽ ኪሮስ አቧራዬን እያራገፉልኝ።

"ተርፌያለሁ። ጋሽ ኪሮስ፣ ይሄ ነገር አሁን ምን ሆነ ነው የሚባለው?"

ዳዶውን አንሥተው በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ እኔን አዩኝ። ትንሽ ቆይተው እንደገና አዩኝ።

"ላልቶ ነው" አሉ።

"ሁልጊዜ ላላ ነው የሚባለው?"

ጥያቄው ደስ እንዳላቸው ከፊታቸው አየሁ። ያረጀ የወተት ዱቄት ጣሳ አምጥተው ብሎኖች ዘረገፉና ዓይኔን አስጨፍነው አንድ በአንድ ያስይዙኝ ጀመር። "ይሄ ላልቷል፤ ብታጠብቀው ይጠብቃል። ይሄን አዙረው እስቲ። ይዞራል አይደል? ጥርሱ ተበልቷል፤ እስከ ነገ ብታጠብቀው አይሰማህም። ይሄኛው ደግሞ እሱ ደህና ነው፣ የገባበት ቀዳዳ ነው የሰፋው። ሰው ግን ብሎኑን ይሰድባል። ሰንሰለት አይላላም፣ ይረግባል።" ይህን ሁሉ ሲሉ ጣቶቻቸው ከአፋቸው ይቀድማሉ። አሥራ ሁለት ዓመት ተምሬ፣ ሁለት ዓመት ኮሌጅ ገብቼ፣ እንደዚያ ጥርት ያለ ትምህርት ሰምቼ አላውቅም። አራት ቃል ይዤ፣ ብስክሌቴን እስከ እሑድ ትቼ፣ በእግሬ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ቅዳሜ ግማሽ ቀን ሠርቼ የሠርግ ሱሪዬን ለብሼ ሾላ ገበያ ሄድኩ። አቶ ሰይድ የሚባሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። "ሱሪው ሰፍቶኛል" አልኳቸው። ሱሪው በልኬ የተሰፋ ነው። አቶ ሰይድ ሜትራቸውን ወገቤ ላይ አዙረው፣ ሱሪውን አይተው፣ ሆዴን አይተው፣

"ከሠርግ በኋላ ሰው ይወፍራል እንጂ ይከሳል እንዴ?" አሉኝ።

"እኔ ከስቻለሁ።"

"አይዞህ ታዲያ፣ ይለመዳል" ብለው ሽርጥ ሰጡኝና ሱሪውን መተርተር ጀመሩ። እሳቸው ሲተረትሩ እኔ እጠይቃለሁ። ቀሚስ ዘርፈፍ ሲል ያምርበታል፣ ሱሪ ዘርፈፍ ሲል ያስቃል። ክር ይረግባል። ቁልፍ ሊወድቅ ሲል ተንጠለጠለ ይባላል። ገና ያልተሰፋ ጨርቅ ብትን ነው። ጎን ያለችው ባለ ሱቅ ደግሞ ሳንጠይቃት ገባችበት። ያልታሸገ ሻይ ቅጠልም ብትን ይባላል አይባልም በሚለው ከአቶ ሰይድ ጋር ተከራከሩ። እኔ መዳፌ ላይ እየጻፍኩ፣ በሁለቱ አፍ እየተደነቅሁ፣ ሱሪዬን ረሳሁት። ስለብሰው ጉልበቴ አልታጠፍ አለ።

"ልክ ነው?" አሉ አቶ ሰይድ።

"ልክ ነው" አልኩ በቀረችኝ ትንፋሽ።

ቀጥሎ ያለው ጥርስ ነው። በገርጂ መንገድ አንድ ጡረታ የወጡ ድሬሰር፣ የጦር ሠራዊት ሐኪም ረዳት የነበሩ፣ ክፍል ተከራይተው ይሠሩ ነበር። ያኔ ገርጂ ገና እርሻ ስለሆነ መንገዱ ላይ አንድ ወይፈን ገጠመኝ፤ ገበሬው ከኋላው "ልቅ ነው! ሽሽ!" እያለ ይሮጣል። ሽሽ ማለት በዚያ ሱሪ ቀልድ ነው። ባለሁበት ቆሜ ጸለይኩ። ወይፈኑ አጠገቤ ደርሶ አየኝና ትቶኝ አለፈ። ቢሆንም "ልቅ"ን መዳፌ ላይ ጻፍኩ።

ድሬሰሩ ጋ እቅዴ ቀላል ነበር። ጥርሴን እነካለሁ፣ እሳቸው ቃሉን ይናገራሉ፣ እኔ "አሁን እንኳ ተሽሎኛል" ብዬ እወጣለሁ።

"የትኛው ነው?" አሉኝ መብራታቸውን ወደ አፌ እያስጠጉ።

በዘፈቀደ አንዱን ነካሁ። ያዝ አድርገው ገፋ ሳብ አደረጉት። "ይሄ? ይሄማ ድንጋይ ነው።"

የሰው ጊዜ በከንቱ አጠፋሁ ብዬ አፈርኩ። ማፈሬ ደግሞ አፌን ከፈተው። "ቀን ቀን ደህና ነው። ሌሊት ሌሊት ነው የሚነቃነቀው።"

"ሌሊት ብቻ የሚነቃነቅ ከሆነማ ተንኮለኛ ነው" አሉና ወደ ጠረጴዛቸው ዞሩ። ሲመለሱ እጃቸው ላይ ያለውን አየሁ። ልናገር ስል እጃቸው አፌ ውስጥ ገብቷል። ምስጋና ይግባቸው እጃቸው ፈጣን ነበር፤ እግዜር ያሳያችሁ፣ ያን የመሰለ ደህና ጥርስ እንዲያ በቅጽበት ያወጡበትን ጥበብ ከሕመሜ መሐል ሆኜ ሳላደንቅ አልቀረሁም። በጥጥ የተጠቀለለ ጥርስና ከዚያ በፊትም የማውቀውን "የሚነቃነቅ" የሚል ቃል ይዤ ወጣሁ።

እሑድ ጉንጬ አብጦ ቅጹ ፊት ተቀመጥኩ። ባለ ሱቋና አቶ ሰይድ ሲከራከሩ የጣሉልኝን ሁለት ጨምሮ አሥራ አንድ ቃል አለኝ። ሳጥኑ አንድ ነው። "የላላ" ብዬ ልጽፍ ስል አቶ ሰይድ ሱሪ አይላላም የሚሉኝ ይመስለኛል። "የረገበ" ስል ጋሽ ኪሮስ ብሎኑን አንሥተው ያዩኛል። አሥሩን ሰርዤ አንዱን ማስቀረት እነዚያን ሰዎች ከደጄ መመለስ መስሎ ተሰማኝ። እንግሊዞቹ በአንድ ቃል መኖራቸውን አደንቃለሁ፤ የእኛዎቹ ግን እያንዳንዱን መላላት ለብቻው አይተው፣ ለብቻው ዳስሰው፣ ለብቻው ስም አውጥተውለታል። አሰብ መውረዴ ካልቀረ ይህን ለአንድ ሰው ተናግሬ ልውረድ አልኩና ብስክሌቴን ለመውሰድ ወደ ጋሽ ኪሮስ ሄድኩ። የቃሉን ነገር፣ የደብዳቤውን ነገር፣ ዳዶውን በእጄ መፍታቴንም ጭምር ተናዘዝኩ።

"እሱንማ ያን ዕለት አውቄዋለሁ" አሉ። "ብሎን በራሱ ሲላላ ጥርሱ ላይ አቧራ ይገባል። ያንተ ዳዶ ላይ የነበረው አዲስ የመፍቻ ጭረት ነው። ምን ሆኖ ራሱን ሊገድል ነው ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ ስተክዝ ነው የሰነበትኩት።"

"ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም?"

"እንዴት ብዬ? ታፍራለህ ብዬ ነዋ!" አሉኝ። ሁለታችንም ትንሽ ተፋፈርን። ከዚያ "ስብሰባው ስንት ሰዓት ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ሁለታችን ኮሚቴው ፊት ቀረብን። እኔ ደህና የምለው ልብስ ያ የሠርግ ሱሪ ብቻ ስለነበረ ለብሼዋለሁ፤ ስለዚህ መቀመጥ አልቻልኩም። ጋሽ ኪሮስ በሥራ ቱታቸው፣ መፍቻቸውን በኪሳቸው ይዘው ነው የመጡት።

"እኚህ ሰውዬ ማን ናቸው?" አሉ ጓድ በላቸው።

"ሠራተኛ ነኝ" አሉ ጋሽ ኪሮስ።

በዚያ ዘመን በዚያ ክፍል ውስጥ ይህን ቃል ሰምቶ ውጣ የሚል አልነበረም። አራት ሰው ከወንበሩ ተነሣላቸው። እኔም ቆሜ አሥራ አንዱን ቃል በእብጠቴ በኩል እያንሾካሾክሁ አነበብኩ፤ ማን እንደነገረኝ፣ ለምን እንደሚለያዩ ተናገርኩ። ጓድ በላቸው እስከ አምስተኛው ታገሡ። ስድስተኛው ላይ "አንድ ቃል ነው ያልነው!" ብለው ጠረጴዛውን በቡጢ መቱት። ጠረጴዛው ተወዛወዘ፣ የውኃው ብርጭቆ ተደፋ። ብርጭቆው ሲነሣ ጋሽ ኪሮስ ወንበራቸው ላይ አልነበሩም።

"ሰውየው የት ሄዱ?"

"እዚህ ነኝ" የሚል ድምፅ ከጠረጴዛው ሥር መጣ። "ይሄ ጠረጴዛ የቆመው በስምንት ብሎን ነበር ጓድ። ሦስቱ ላልተዋል። አንዱ ጥርሱ ተበልቷል። ሁለቱ የሉም። ለአንድ ነገር አንድ ይበቃል ካላችሁ፣ አንዱን ትቼ የቀሩትን ልፍታቸው?" የመፍቻ ድምፅ ተሰማ።

የኮሚቴው አባላት ክርናቸውንና ወረቀታቸውን ከጠረጴዛው ላይ በአንድ ጊዜ አነሡ።

"ይተዉት! እንዳይፈቱት!" አሉ ጓድ በላቸው ጠረጴዛውን በሁለት እጃቸው አቅፈው።

መጀመሪያ የሳቀችው ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ጸሐፊ ናት። ከዚያ ሁላችንም ሳቅን፤ የውይይት ክበባችን ከተቋቋመ ጀምሮ እንዲያ ከልብ ተስቆ አያውቅም። አንዱ "እኛ ጎጃም…" ብሎ ጀመረ፣ ሌላው "እኛ መንዝ…" ብሎ ቀጠለ። ጓድ በላቸው ብቻ ጠረጴዛውን እንዳቀፉ ወደ መስኮቱ ያያሉ።

"'የተፈታ' ዝርዝርህ ውስጥ አለ?" አሉኝ በመጨረሻ።

ደነገጥኩ። ያን ሁሉ ስዞር የመዝገበ ቃላቱን የመጀመሪያ፣ ያልታሰረውን ፈረስ፣ ረስቼዋለሁ። "የለም ጓድ።"

"ጻፈው። አባቴ ማታ በሬዎቹን ከቀንበር ሲፈታ ዝም ብሎ አይለቃቸውም ነበር። አንገታቸውን በእጁ ያሽላቸዋል። እንደሱ ያለው የተፈታ ነው የሚባለው።" ከዚያ ስለ ንዑስ ከበርቴ ይናገራሉ ብለን ጠበቅን። አልተናገሩም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስወዳቸው ኖሬያለሁ።

ቅጹን ተቀብለው በክብሪት ቀፎዋ ሳጥን ውስጥ "ዝርዝሩ ተያይዟል" ብለው ጻፉና ፈረሙ። ወረቀት እየተለካ የሚሰጥበት ዘመን ስለነበር መሳቢያቸውን ከፍተው ቢፈልጉ ባዶ ወረቀት ጠፋ። ያን ደብዳቤ አወጡ። አገላበጡት፣ ባዶውን ጀርባ ወደ እኔ አዙረው ብዕር ሰጡኝ። አሥራ ሁለቱን ቃላት በዝውውሬ ጀርባ ላይ ጻፍኳቸው።

ጋሽ ኪሮስ ጠረጴዛውን እያጠበቁ ቀሩ። እኔ ለምሳ ሳይደወል ወደ ቤቴ ከነፍኩ። ጥሩወርቅ በዚያ ሰዓት ትምህርት ቤት መሆን ነበረባት። በሩን ስከፍት ግን ቤቱ መሐል ቆማለች። ፍራሹ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል። ድስቶቹ በማዳበሪያ ገብተዋል። የእኔ ልብስና የእሷ ልብስ በአንድ ሻንጣ ውስጥ ነው፤ መጽሐፎቿም፣ ጠመኔዋም ሳይቀር።

"ምንድን ነው ይሄ?" አልኳት።

"ዳይሬክተሩን ጠዋት አስፈቅጃለሁ። አሰብም ትምህርት ቤት አለ አሉኝ።" ከዚያ ያበጠ ጉንጬን አይታ "ብቻዬን እሄዳለሁ ብለህ ነበር እንዴ የሰነበትከው?" አለችኝ።

አሥራ ሁለት ቃል ይዤ መጥቼ አንድም አልወጣልኝ አለ። እንደማንሄድ በእጄ ምልክት ነገርኳት። መጀመሪያ አላመነችኝም፣ ከዚያ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፣ ከዚያ ሳቀች። ገመድ ስታስር እንዲያ እንደምታጠብቅ አላውቅም ነበር። ሱሪዬን አውልቄ አጠገቧ ተንበረከክሁና ቋጠሮውን ሁለታችን በጥፍራችን ስንታገለው ስምንት ሰዓት ሆነ፤ ያን ቀን እሷም ትምህርት ቤት፣ እኔም ቢሮ አልተመለስንም።